የክላሲክ ስፖርት መኪና ኪት አመራረጥ፦ በኋላ የማይቀየረው ይቅደም

ኦሪጅናሏን የምትመስል የክላሲክ ስፖርት መኪና ቅጂ መሥራት የሚፈልግ ሰው ኪት፣ ማለትም ተገጣጥሞ መኪና የሚሆን የቦዲና የዕቃ ስብስብ፣ ሲያማርጥ በብዛት የሚጠይቀው ስለ ጌጡ ነው። የዳሽቦርዱ ጌጆች እንደ ድሮዎቹ ናቸው ወይ? መሪው እንጨት ነው ወይ? የነዳጅ ክዳኑስ? እነዚህ ሁሉ ሥራው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረውም ተገዝተው ይገጠማሉ። መኪናዋን ከሃያ እርምጃ ላይ የሚያሳብቅባት ግን ሌላ ነው፤ የፊትና የኋላ ጎማ መራራቅ፣ የጎማው ቁመት ከፓራፋንጎው ጋር ያለው ልክ፣ የፊት መስታወቱ አጋደል፣ የበሩ ርዝመት። እነዚህ ሞልዱ (ቦዲው የሚወጣበት ቅርጽ ማውጫ) ሲሠራ ስለተወሰኑ በኋላ ገንዘብም ጉልበትም አያስተካክላቸውም። ስለዚህ ኪት የሚመረጠው ከማይቀየረው ጀምሮ ወደሚቀየረው እየወረዱ ነው።

መጀመሪያ ሜትር ያዙ። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት፣ ማለትም ዊልቤዙ፣ በኮብራ (የኤሲና የካሮል ሼልቢ ክፍት ስፖርት መኪና) 2,286 ሚሊ ሜትር (90 ኢንች) ነው፤ በፖርሽ 356 ስፒድስተርና በፖርሽ 550 ስፓይደር 2,100፣ በፌራሪ 250 ጂቲኦ 2,400፣ በፎርድ ጂቲ40 2,413 ያህል። የኪቱን ልክ ከሻጩ ጠይቃችሁ ከዚህ ጋር አስተያዩ። የ20 ወይም የ30 ሚሊ ሜትር ልዩነት ለዓይን አይታወቅም። 80 እና 100 ሲደርስ ግን መኪናዋን በሚገባ የማያውቅ ሰው እንኳ የሆነ ነገር እንዳልተስማማው ይሰማዋል።

የስፒድስተር ኪቶች አብዛኞቹ የሚቀመጡት በቮልስዋገን ቢትል ወለል ላይ ነው። የቢትል ዊልቤዝ 2,400 በመሆኑ ልኩን ለማግኘት ወለሉ 300 ሚሊ ሜትር ያህል ተቆርጦ መልሶ መበየድ አለበት። ይህን ሥራ ለመሸሽ ባልተቆረጠ ወለል ላይ እንዲቀመጥ ተደርጎ የሚሠራ ቦዲም አለ። ሥራው ይቀላል፤ ነገር ግን ቦዲው ከመሐሉ ስለሚረዝም የስፒድስተርን ድቡልቡል መልክ ያጣል። እኔ አልመክረውም። ወለሉ የሚቆረጥ ከሆነ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ በደንብ ይታሰር፤ ከመቁረጡ በፊት ከመቁረጫው መስመር ወዲህና ወዲያ፣ በግራም በቀኝም፣ ምልክት ይመታበት። ከተገጣጠመ በኋላ ሁለቱ ሰያፍ መስመሮች ይለኩና ልዩነታቸው ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን በነጥብ በነጥብ ይበየድ፤ እንደገና ተለክቶ ይጨረስ። የመሐሉ ቶኔል የወለሉ አከርካሪ ስለሆነ መጋጠሚያው ላይ ተጨማሪ ላሜራ ይደረብበታል። ከወለሉ ጋር አብረው የሚያጥሩት ነገሮች በብዛት ይረሳሉ፦ የማርሽ ዘንግ፣ የፍሪሲዮን፣ የነዳጅ መስጫና የእጅ ፍሬን ገመዶች፣ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች። እነዚህን አሳጥሮ አብሮ የሚያቀርብ ኪት ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ያዋጣል።

በ550 ስፓይደር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኦሪጅናሏ ሞተሯ ከኋላ አክስል ፊት ስለሚቀመጥ የቢትል ሞተርና ካምቢዮ ወደዚያ ሲገቡ ፊታቸው ይዞራል። በካምቢዮው ውስጥ ያለው የዲፈረንሻል ክራውን (ትልቁ ክብ ጥርስ) ወደ ሌላኛው ጎን ካልተገለበጠ መኪናዋ አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ይኖራታል። ካምቢዮው በኪቱ ውስጥ ካለ ይህ መሠራቱን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ከሌለ ለባለሙያ የሚከፈለውን በበጀታችሁ ያዙት።

ጣሪያ ያላቸው መኪኖች ከዚህ ሁሉ ይከብዳሉ። በዳትሰን 240ዜድ ላይ የሚለበሱት የ250 ጂቲኦ ኪቶች በአብዛኛው የዳትሰኗን በር፣ የፊት መስታወትና የመሐል ቦዲ እንዳለ ይዘው ይቀራሉ። የ240ዜድ ዊልቤዝ 2,305 ነው፤ 95 ሚሊ ሜትር ይጎድላል። አፍንጫው ላይ ያሉት ሦስቱ የዲ ፊደል ቅርጽ ቀዳዳዎች ምንም ያህል ቢያምሩ ከጎን የሚታየው ጣሪያ የዳትሰን ነው። ፖንቲያክ ፊዬሮም እንዲሁ ናት። ዊልቤዟ 2,373 ስለሆነ ለፌራሪ 308 (2,340) ትቀርባለች፤ ለቴስታሮሳ (2,550) ግን 177 ሚሊ ሜትር ማስረዘም ያስፈልጋል፤ ሳትረዝም የለበሰችው ሆዷ አጥሮ ሁለቱ ጫፎቿ ብቻ የወጡ ትሆናለች። መመሳሰሉ ከልብ የሚፈለግ ከሆነ ክፍት መኪና ወይም የራሱ ሻሲ፣ የራሱ በርና የራሱ መስታወት ያለው ኪት ይሻላል።

ስለ መስታወት ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ለዚህ ቅጂ ተብሎ የተሠራ ነው ወይስ የለጋሿ መኪና፣ ዕቃዋ ለቅጂው የሚወሰድባት? ደርብ የሆነ፣ የደኅንነት ምልክት የታተመበት የፊት መስታወት ነው? ቢሰበር ሌላ ከየት ይመጣል? እንደ ላንቺያ ስትራቶስ ያለ በጣም የዞረ መስታወት ያላት መኪና ላይ የመጨረሻው ጥያቄ ከሌሎቹ ይበልጣል፤ ምክንያቱም አቅራቢው ሥራውን ቢያቆም ሌላ መኪና ላይ የሚገኝ ተመሳሳይ የለም።

ቅጂዋ በብዛት የሚሠራው የኮብራ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሻሲዋ ሁለት ወፍራም የብረት ቱቦ ያለው መሰላል ነው፣ ጣሪያና የጎን መስታወት የላትም፣ የሞተሯ ዘር እስከ ዛሬ ይገኛል። ይሁንና ኮብራ አንድ መኪና ብቻ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1962 በ260 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር የጀመረችውና ቀጥሎ 289 (4.7 ሊትር) የያዘችው ጠባቧ ባለ ባሌስትራ ናት፤ ፓራፋንጎዋ ለስላሳ፣ አፏ ትንሽ፣ ቸርኬዋ የሽቦ። እ.ኤ.አ. በ1965 የመጣችው 427 (7 ሊትር) ባለ ሞላ ናት፤ ወርዷ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሰፍቶ ፓራፋንጎዋ ተነፍቷል። በአብዛኞቹ ኪቶች የሚሸጠው የ427 ቦዲ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው፦ በሰፊው ቦዲ ላይ የሽቦ ቸርኬ፣ በጠባቧ ላይ ወፍራም የኋላ ጎማ። 427 ውስጥም የመንገዷና የውድድር ዓይነቷ ይለያያሉ። የጎን ጭስ ቱቦ፣ የነጂው መከላከያ ቅስትና አጫጭር የመደገፊያ ቱቦዎች የውድድሯ ምልክቶች ሲሆኑ፣ የመንገዷ ጭሷን ከሆዷ ሥር የምታወጣና ሙሉ ፓራውልት ያላት ነበረች። ኪት ከማዘዛችሁ በፊት አንድ የተወሰነ ዓመትና ዓይነት ምረጡ፤ የዚያችኑ ብቻ ፎቶዎች ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላና ከውስጥ ሰብስቡ፤ እያንዳንዱን ዕቃ ከእነሱ ጋር እያስተያያችሁ እዘዙ።

ጎማና ቸርኬ ላይ ብዙ ቆንጆ ቦዲ ይበላሻል። የጎማ ቁመት የሚሰላው እንዲህ ነው፦ የጎማው ወርድ በፐርሰንቱ ይባዛል (245/60 ላይ 245 ወርዱ በሚሊ ሜትር፣ 60 ፐርሰንቱ ነው)፣ ውጤቱ በሁለት ይባዛል፣ የቸርኬው ዲያሜትር ይደመርበታል፤ 15 ኢንች 381 ሚሊ ሜትር ነው። 245/60 ባለ 15 ቁመቱ 675 ይሆናል፤ 295/50 ባለ 15 ደግሞ 676፤ ፊትና ኋላ በወርድ ተለያይተው በቁመት እኩል ሆኑ ማለት ነው። 245/40 ባለ 17 ግን 628 ብቻ ነው፤ በፓራፋንጎውና በጎማው መካከል ባዶ ክፍተት ይተዋል፣ መኪናዋም ጫማዋ የጠበባት ትመስላለች። 275/40 ባለ 18 ቁመቱ 677 በመሆኑ ልክ ይመስላል፤ ነገር ግን የጎኑ ጎማ ከ147 ወደ 110 ሚሊ ሜትር ቀጥኗል፣ ዓይን ደግሞ ይህን ወዲያው ያያል። የእ.ኤ.አ. 1960ዎቹን መኪና መልክ የሚሰጣት ወፍራሙ የጎማ ጎን ነው። ለስፒድስተር 165/80 ባለ 15 (645 ሚሊ ሜትር) ይስማማታል። ቸርኬው ደግሞ ባለ 5 ቡሎን፣ የቡሎኖቹ ክብ 205 ሚሊ ሜትር የሆነው ይሁን፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ያሉ ቢትሎች ይህንኑ ስለነበራቸው ከኦሪጅናሏ ጋር ይገጥማል። ከዚያ በኋላ የመጣው ባለ 4 ቡሎን 130 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ለስፒድስተር እንግዳ ነው።

በመሐሉ በአንድ ትልቅ ዳዶ የሚታሰር ቸርኬ የምትፈልጉ ከሆነ እውነተኛውንና አምስት ቡሎን የሚሸፍነውን ክዳን ለዩ። በማስተላለፊያ፣ ማለትም በቡሎኖቹና በቸርኬው መካከል በሚገባ አስማሚ፣ የሚገጠመው ጎማውን ወደ ውጭ ስለሚገፋ ቸርኬው ይህን ታሳቢ አድርጎ መሠራት አለበት፤ አለበለዚያ ጎማው ፓራፋንጎውን ይልሳል። የግራና የቀኝ ዳዶዎች ጥርስም ተቃራኒ ነው፤ ማስተላለፊያዎቹ ጎን ከተቀያየሩ መንገድ ላይ እየላሉ ይፈታሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ረጅም ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ፋይበርግላሱ ነው። መጀመሪያ የሞልዱን ዘር ጠይቁ፦ ከኦሪጅናል መኪና ላይ ነው የተወሰደው ወይስ ከሌላ ቅጂ? ከቅጂ ላይ ሞልድ ሲወሰድ ሬዚኑ ሲደርቅ ትንሽ ይኮማተራል፣ ጠርዞች ይደፈናሉ፣ የቀደመው ሠራተኛ ስህተትም አብሮ ይወረሳል። ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ ላይ የደረሰ ቦዲ የመብራት ጉድጓዶቹ ግራና ቀኝ እኩል አይሆኑም። ይህን ለማየት በመሐል መስመር ላይ ክር ዘርጉና ከክሩ እስከ ሁለቱ መብራት መሐል፣ እስከ ሁለቱ የበር ጠርዝ፣ እስከ ሁለቱ የኋላ ፓራፋንጎ ጫፍ ለኩ። እስከ 5 ሚሊ ሜትር ልዩነት በእጅ ለተሠራ ነገር ይታለፋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ኪት ፈልጉ።

የኦሪጅናሎቹ ቦዲ በብዙዎቹ ከአሉሚኒየም ላሜራ በእጅ የተቀጠቀጠ ነበር፤ የጎማ ጉድጓዱ ጠርዝ ሽቦ ላይ ስለሚጠቀለል ክብ ከንፈር አለው። ጥሩ ኪት ይህን ከንፈር ይሠራዋል፤ ርካሹ በመጋዝ የተቆረጠ ስለታም ጠርዝ ይተዋል። እጃችሁን ወደ ውስጥ ሰድዳችሁ ዳስሱት። ውፍረቱ በጠርዞቹ ላይ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደህና ነው። የፓራፋንጎውን አናት በመዳፍ ስትጫኑት የሚሰረጎድ ከሆነ ሳስቷል፤ ቀለሙ በጊዜ ይሰነጠቃል። በሳንቲም ቀስ እያላችሁ አንኳኩ፤ ድምፁ በድንገት የሚደበዝዝበት ቦታ ውስጡ አየር አለ። የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ስንጥቆች ደግሞ ቦዲው ከሞልዱ ሲወጣ ወይም ሲጓጓዝ ተመቷል ማለት ነው። ላዩን በውኃ አርጥባችሁ የረጅም አምፖል ነጸብራቅ ስታዩበት መስመሩ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት፤ ከተንቀጠቀጠ እያንዳንዱ ሞገድ የስቱኮና የብርጭቆ ወረቀት ሰዓት ነው።

አፍንጫችሁንም ተጠቀሙ። ቦዲው አሁንም ጠንከር ያለ የሬዚን ሽታ ካለው ገና አልደረቀም። እንዲህ ያለው ቦዲ ቶሎ ከተቀባ በመጀመሪያው ብርቱ ፀሐይ የፋይበሩ ሽመና በቀለሙ ላይ ጎልቶ ይወጣል፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ላይ ይብሳል። ሻሲው ላይ ታስሮ ለጥቂት ሳምንታት ፀሐይ ላይ ይቆይ፤ ቀለም ከዚያ በኋላ። የሞልዱ ክፍሎች የተገናኙበት ወጣ ያለ መስመር ቦዲው ላይ ይኖራል። እሱን ዝም ብሎ መሞረድ አይበቃም፤ በውስጡ ፋይበር የሌለው ሬዚን ብቻ ስለሆነ በኋላ ይሰነጠቃል። ጎድጎድ ተደርጎ ይቆፈርና አጭር ፋይበር ባለው ስቱኮ ይሞላል፤ ተራ ስቱኮ የሚመጣው ከላይ ነው።

በሮቹ፣ ኮፈኑና ፖርትባጋሊዮው ተገጥመው የሚመጡ ከሆነ ትልቅ ሥራ ቀለለላችሁ። ክፍተቱ ዙሪያውን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር እኩል ይሁን፤ ፕራይመሩና ቀለሙ በሁለቱም ጠርዝ ስለሚደረብ ከመቀባቱ በፊት በትንሹ ሰፋ ቢል ይሻላል። የበር ማጠፊያው የታሰረው ከሻሲው በሚወጣ ብረት ላይ ነው ወይስ በፋይበሩ ላይ ብቻ? በፋይበሩ ላይ ብቻ ከሆነ በሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ይወርዳል።

ሻሲው ሲመጣ ቀለም ተቀብቶ ስለሚሆን ብየዳው አይታይም። ከመቀባቱ በፊት የተነሣ ፎቶ ጠይቁ፤ በሥራው የሚተማመን አምራች አይከለክልም። ተሠርታ ያለቀች ናሙና ካላቸው አንዱን የፊት ጥግ በክሪክ ጎማው እስኪነሣ ከፍ አድርጉና የበሩን ክፍተት እዩ። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለወጠ ሻሲው ይጠማዘዛል፤ መንገድ ላይ ቦዲው ይንጫጫል፣ ቀለሙም በር ጥግ ላይ ይሰነጠቃል። ሰስፔንሽኑ ከከባድ ለጋሽ መኪና የሚመጣ ከሆነ ሞላዎቹ ለአዲሱ ክብደት መቀየር አለባቸው። 1,500 ኪሎ ትሸከም የነበረች ሞላ 1,100 ኪሎ መኪና ላይ ስትገባ መኪናዋ ከፍ ብላ ትቆማለች፣ መልኳም አነዳዷም ይበላሻል። የፍሬኑ ሚዛንም እንደዚያው ነው። የኋላው ቀድሞ እንዳይቆልፍ የሚስተካከል የግፊት መቆጣጠሪያ ይግባበት፤ ፖምፓው ሁለት የተለያየ መስመር ያለው ይሁን፣ ይህ ላይ መደራደር የለም።

ሞተር ላይ መመሳሰል የሚፈልግ ሰው ኮፈን ሲከፈት ምን እንደሚታይ ያስብ። የፎርድ ትንሹ ቪ8 ዲስትሪቢዩተሩ ከፊት ነው፤ የሸቭሮሌው ከኋላ። ኮብራ ውስጥ ሸቭሮሌ ከገባ የሚያውቅ ሰው በአንድ እይታ ይለየዋል። 302 ከ289 ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ከውጭ አይለይም፤ ለጠባቧም ለሰፊዋም በቀላሉ ይስማማል። 351 ዊንዘር ብሎኩ 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ስለዚህ ለ302 የተሠራው የጭስ ማውጫና የአየር ማስገቢያ አይገጥምለትም። ኪት ሲታዘዝ የትኛው ሞተር እንደሚገባ ቀድሞ መነገር ያለበት ለዚህ ነው። የጃጓር ሲ ታይፕና ዲ ታይፕ ቅጂ የሚሠሩ ሰዎች እዚህ ዕድለኞች ናቸው፦ ኤክስኬ የተባለው ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ አጋማሽ በጃጓር ኤክስጄ6 ላይ ስለቀጠለ ለጋሿ መኪና እውነተኛውን የሞተር መልክ ትሰጣለች። በጂቲ40 ደግሞ ዋጋውን የሚያንረው ሞተሩ ሳይሆን ከዲፈረንሻሉ ጋር አንድ የሆነው ካምቢዮ ነው፤ የቪ8 ጉልበት የሚችል ርካሽ አይገኝም።

ከመክፈላችሁ በፊት ውስጧ ገብታችሁ ተቀመጡ። የጂቲ40 ጠቅላላ ቁመት 40 ኢንች፣ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ረጅሙ የውድድር ነጂ ዳን ጉርኒ ሄልሜት አድርጎ እንዲገባ ጣሪያው ላይ ጉብታ ተሠርቶለት ነበር። በኮብራ የእግር ቦታው ጠባብ ነው፤ በምትነዱበት ጫማ ፍሪሲዮንና ፍሬኑን ለየብቻ መርገጥ መቻላችሁን ሞክሩ። በሞተሩና በእግራችሁ መካከል ያለው ግድግዳ ሙቀት መከላከያ ከሌለው በኪቱ ዝርዝር ውስጥ አስጨምሩ። መቀመጫ፣ ምንጣፍና ጌጅ በኋላ ይመጣሉ።

ወረቀቱን በሚመለከት መጀመሪያ የሚጠየቀው የመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሻጩ የሚለው ብቻ አይበቃም። መኪናዋ በለጋሿ ሊብሬ ትመዘገባለች ወይስ እንደ አዲስ? የሻንሲ ቁጥሩን ማን ይመታል? የጭስ ምርመራው በሞተሩ ዓመት ነው ወይስ በተመዘገበችበት ዓመት? የመብራቶቹ ከፍታና የስለታም ጠርዞች ነገር ደንብ ካለው ቦዲው ሳይቀባ ማወቅ ይገባል። የኦሪጅናሉን አምራች አርማ መለጠፍ በብዙ አገር የንግድ ምልክት ጥያቄ ያስነሣል፤ መኪናዋ ስትሸጥ ደግሞ ቅጂ መሆኗ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

የተጀመረ ኪት ከሌላ ሰው ስትገዙ ዋጋው ያጓጓል። የአምራቹን የዕቃ ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱና ሣጥን በሣጥን ቁጠሩ። የሚጎድሉት ትንንሾቹ ናቸው፦ የበር መቆለፊያ፣ የመስታወት ፍሬም ማሰሪያ፣ የመሪ ዘንግ መገጣጠሚያ፤ አምራቹ ከተዘጋ አንዷ ብቻ ለወራት ታስቆማለች። ቦዲው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ወይም መሬት ላይ ተንጋሎ ዓመታት ከቆየ ተጣምሟል ብላችሁ ገምቱ፤ አዲስ ፋይበርግላስ በተውት አኳኋን ይደርቃል። አዲስ ኪትም ሲደርሳችሁ በዚያው ቀን ቦዲው ሻሲው ላይ ይታሰር፤ በሮቹና ኮፈኑ በቦታቸው ተዘግተው፣ ክፍተታቸው በ5 ሚሊ ሜትር ሽብልቅ ተይዞ ይቀመጥ።